ሽፈራው፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በማር፦ እናቴ ጠዋት ጠዋት ትውሰድ?

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል ትወስዳለች። ጎረቤታችን የሽፈራው ዱቄት፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በማር ለውሳ ጠዋት በባዶ ሆድ አንድ የሾርባ ማንኪያ እንድትወስድ ነገረቻት። ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት። በዚያ ላይ አብሽ ማታ ዘፍዝፋ ጠዋት ውሃውን ትጠጣለች። ከጥቂት ወራት ወዲህ ደረቅ ሳል ስላለባት ጦስኝ ሻይም ከእጇ አይለይም። እኔ ደግሞ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ቡናዬን ያለ ጤና አዳም አልወድም። እነዚህን ነገሮች በየቀኑ ከምግብና ከመጠጥ ጋር መጠቀም ይቻላል? ወይስ እንተዋቸው? ምች ሲመታንስ ዳማከሴ እንጠጣ?»

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አስቸኳዩን ልንገርሽ። እናትሽ ያንን በማር የተለወሰ ነገር ከነገ ጠዋት ጀምረው ይተዉት። የአብሹን ውሃም እንዲሁ። ክኒናቸውን ግን አንድም ቀን እንዳያቋርጡ። አንቺ ደግሞ ጤና አዳሙን እስክትወልጂ ድረስ ተሰናበቺው። ቅመሞቹን ከቤታችሁ አውጥታችሁ ጣሉ ማለቴ አይደለም። ከዚህ በታች የምጽፈው በአብዛኛው ወደ ድስቱ እንዴት እንደሚመለሱ ነው።

ፋርማሲስት ነኝ። ከመድኃኒት ቤት መስኮት ጀርባ ብዙ ዓመት ቆሜያለሁ። ያደግኩት ግን ኮሰረት ከጓዳ ጣሪያ ተንጠልጥሎ በሚደርቅበት ቤት ነው። ጦስኝ ሲፈላ ቤቱ ምን እንደሚሸት አውቃለሁ። ለእነዚህ ዕፅዋት ያለኝ ፍቅር ከሙያዬ ይቀድማል። የምጽፍልሽም በዚሁ ልብ ነው።

«ከተፈጥሮ የመጣ ነገር አይጎዳም» የሚለውን አባባል በየቀኑ እሰማለሁ። እንዶድን አስቢው። እናቶቻችን ልብስ ያጠቡበታል። በ1964 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሆነው አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ነበር። እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ናቸው። ግኝቱ በዓለም የታወቀ ሆነ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ትልቅ ሽልማትም አስገኘላቸው። እንግዲህ ተመልከቺ። ያው አንድ ፍሬ ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፣ የሚጠጣው ሰው ላይ ደግሞ ከባድ መመረዝ ያስከትላል። ዕፅዋት ኃይል አላቸው። ኃይል ያለው ነገር ደግሞ መጠን ይፈልጋል።

የወጥ ቤታችን ዕፅዋት መጠናቸው የተወሰነው በድስቱ ነው። አንድ ትልቅ ድስት ወጥ ውስጥ የሚገባው ነጭ ሽንኩርት ለስድስት ሰው ይከፋፈላል። እንጀራ አለው፣ ዘይት አለው፣ ሽሮ አለው። ወደ ሆድ የሚገባው በዝግታ ነው። ያንኑ ነጭ ሽንኩርት ደቁሰሽ፣ ከሌላ ሁለት ዕፅ ጋር አድርገሽ፣ በባዶ ሆድ በማንኪያ ስትወስጂው ነገሩ ተቀየረ ማለት ነው። ያኔ ምግብ መሆኑ ቀርቶ መድኃኒት ይሆናል። መድኃኒት ከሆነ ደግሞ ከሌላው መድኃኒት ጋር ይጋጫል ወይ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

እስቲ የጎረቤታችሁን ብልቃጥ እንክፈተው። ክፉ እንዳላሰቡ አውቃለሁ። ግን ለስኳር ሕመምተኛ ከዚያ ብልቃጥ ውስጥ ፈጥኖ የሚሠራው ነገር ሽፈራውም፣ አዝሙዱም አይደለም። ማሩ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር አለው። ይህ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በባዶ ሆድ እንደመቃም ነው። ማር ንጹሕ ቢሆን፣ ከጎጃም ቢመጣ፣ ነጭ ቢሆን፣ ደም ውስጥ ሲገባ ያው ስኳር ነው። እናትሽ ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸው ለምን አልወርድ እንዳለ ሲገረሙ ከርመው ይሆናል።

የአብሹ ውሃ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ስኳር ያወርዳል። በራሱ ክፉ ነገር አልነበረም። ችግሩ ግሊቤንክላማይድ ነው። ይህ ክኒን ቆሽትን እየገፋ ኢንሱሊን እንድታወጣ ያደርጋል። ምግብ ኖረም አልኖረም ሥራውን አያቆምም። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው አልፎ አልፎ ነው። ግሊቤንክላማይድና ኢንሱሊን ግን ይጥላሉ። በእነሱ ላይ አብሽ፣ ሽፈራውና ጥቁር አዝሙድ ሲደረቡ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይገፋሉ።

አንድ አባት ትዝ ይሉኛል። የዐቢይ ጾም ነበር። ክኒናቸውን ዋጡ፣ የአብሽ ውሃቸውን ጠጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሳይበሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሊቆዩ ነበር። ወደ ቀትር ላይ እኛ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። ላብ አጥምቋቸዋል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ስማቸውን ስጠይቃቸው ግራ ተጋቡ። ስንለካቸው ስኳራቸው 48 ነበር። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠን አጠጣናቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው በራ። ብቻቸውን መንገድ እየተሻገሩ ቢሆን ኖሮ ብዬ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

ስለዚህ ይህን ያዢልኝ። እናትሽ ድንገት ካላባቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ልባቸው ቶሎ ቶሎ ከመታ ወይም ነገር ከተምታታባቸው ለኪያቸው። ከ70 በታች ከሆነ ሦስት ወይም አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጠሽ ስጫቸው። ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ለኪ፤ ካልተስተካከለ ስኳሩን ድገሚ። ሲስተካከል ምግብ ይብሉ። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አትስጪ፤ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። መለኪያ ከሌላችሁ የሚገዛ ነገር እሱ ነው። ከማንኛውም ብልቃጥ ይቅደም።

አብሽን ግን አልጠላሁትም። እንዲያውም ከሁሉም ዕፅዋታችን ለስኳር ሰው የሚስማማው እሱ ሳይሆን አይቀርም። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ አሰር ነው። ውሃ ሲነካው ልጥልጥ ይላል። ያ ልጥልጡ ነገር አንጀት ውስጥ የእንጀራውን ስኳር ይይዘውና ቀስ እያለ እንዲገባ ያደርገዋል። ይህ ጥቅም የሚገኘው ደግሞ ከምግብ ጋር ሲሆን ነው። በባዶ ሆድ የሚይዘው ምን አለ?

እናቶቻችን አብሽ የሚሠሩበትን መንገድ አስታውሺ። የተፈጨው አብሽ በብዙ ውሃ ይዘፈዘፋል። ሲያድር ዱቄቱ ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ ያለው መራራ ውሃ ይደፋል። የቀረው ነጭ አረፋ እስኪሆን ድረስ ይመታል። አሁን በየስልኩ የሚዞረው ምክር የሚያስጠጣው ያንን የሚደፋውን ውሃ ነው። እናትሽ የተመታውን አብሽ ያለ ማር፣ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ከምሳቸው ጋር ቢወስዱት ይሻላል። ስልስ ላይ አድርጊላቸው። ጥቂት ቁንጥር ዱቄቱን ከዳቦ ሊጥ ጋር አቡኪው። ይህንንም ሐኪማቸው እያወቀ፣ ስኳራቸውን እየለካችሁ ይጀምሩት። አንድ ነገር ብቻ ጠብቂ። ልጥልጡ ክኒንንም ይይዛል። ስለዚህ አብሽም ሆነ ተልባ ከክኒኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይራቁ። ሜትፎርሚኑ ከምግብ ጋር ስለሚዋጥ ከቁርስ ጋር ይሁን፣ አብሹ ለምሳ። ተልባም ከተጠጣ ብዙ ውሃ ይከተለው።

ሽፈራውን በተመለከተ ወደ ኮንሶ ልውሰድሽ። እዚያ ሽፈራው በየግቢው ያለ ዛፍ ነው። ቅጠሉ ተቀቅሎ ኩርኩፋ ከሚባለው ከእህል ዱቄት ከሚድቦለቦለው ምግብ ጋር ይበላል። ለኮንሶ ሰው ጎመን ነው። ልጅ ይበላዋል፣ ሽማግሌ ይበላዋል። ዱቄት ሆኖ በካፕሱል የመጣው ከተማ ሲገባ ነው። ሌላም ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ ስለ ሞሪንጋ (የሽፈራው የውጭ ስሙ ነው) የምታነቢው በአብዛኛው ስለ ህንዱ ዝርያ ነው። የእኛው የደቡቡ ሽፈራው የቅርብ ዘመዱ ቢሆንም ሌላ ዛፍ ነው። የአንዱን መጠን ለሌላው መገልበጥ ትክክል አይደለም። እናትሽ ቅጠሉን ካገኙ እንደ ጎመን ተቀቅሎ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ዘይት ተጠብሶ ይብሉት። ዱቄቱ ብቻ ካለ ሽሮው ሊወርድ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ለድስቱ በቂ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ቤታችሁ ካለ ግን ጠንቀቅ በሉ። እንደ ሽፈራውና ጎመን ያለ ቅጠል ቫይታሚን ኬ ስለሚበዛበት የመድኃኒቱን ሥራ ያዛባል። ሳምንቱን ሙሉ ትቶ አንድ ቀን መጥገብ ነው የሚጎዳው።

ጥቁር አዝሙድ ቦታው ድፎ ዳቦ ላይ ነው። በርበሬ ውስጥም አለ። ጉንፋን ሲይዘን በጨርቅ ቋጥረን እናሸተዋለን። በነዚህ መንገዶች እናትሽ ይቀጥሉ። በማንኪያ መቃሙ ይቅር።

ነጭ ሽንኩርት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ጥቅሙን ድስት ውስጥ እንገድለዋለን። ያ የሚሰነፍጠው ነገር አሊሲን ይባላል። ሙሉ ፍሬው ውስጥ የለም። ሲደቆስ ወይም ሲከተፍ ሁለት ነገሮች ተገናኝተው ይፈጠራል። ከሁለቱ አንዱ፣ ኤንዛይም የሚባለው ለውጡን የሚያካሂደው፣ እሳት አይችልም። ከትፈሽ ወዲያው የጋለ ዘይት ላይ ከጣልሽው አሊሲን ሳይፈጠር ይቀራል። ስለዚህ ከትፈሽ ወይም ደቁሰሽ 10 ደቂቃ ተይው። ሌላ ሌላውን ሥሪ። ከዚያ ጨምሪው። በተረፈ እናትሽ ጥርስ ሊያስነቅሉ ወይም ቀዶ ጥገና ሊያደርጉ ከሆነ ጥሬ ነጭ ሽንኩርት አንድ ሳምንት ቀድመው ይተዉ። አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነም ጥሬውን በብዛት አይልመዱት። ደም መርጋትን ያዘገያል። ወጥ ውስጥ የበሰለው አያሳስብም።

አሁን ወደ ሳሉ እንምጣ። ጥያቄሽ ውስጥ ልቤን የሳበው ይሄ ነበር። ደረቅ ሳል፣ ለወራት፣ ኢናላፕሪል ከሚወስዱ ሰው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ክኒኑን ነው። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰው ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ያመጣል። ከተጀመረ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ሰው ከክኒኑ ጋር አያገናኘውም። ጉሮሮን ይኮረኩራል፣ አክታ የለውም፣ ማታ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ሳል ጦስኝ አያድነውም። ዳማከሴም፣ ዝንጅብልም፣ ሽሮፕም አያድነውም። የሚያድነው ሐኪሙ ክኒኑን በሌላ ሲቀይረው ነው። ያኔም ሙሉ ለሙሉ ለመጥፋት ጥቂት ሳምንት ይፈጃል። ስንት እናት በየቤቱ ለዚህ ሳል ቅጠል ስታፈላ ከርማለች! ክኒኑን ራሳችሁ አታቋርጡ፣ ግፊቱ ያሻቅባል። ግን በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራም ስለሚያስፈልግ በዚያውም ይታዩ።

ጦስኝ ራሱ ግን ድንቅ ቅጠል ነው። ከደጋችን የበቀለ ነው፤ መንዝ፣ አንኮበር፣ ሰሜን ተራሮች፣ ባሌ። ሽታው የሚመጣው ቲሞልና ካርቫክሮል ከሚባሉ ዘይቶች ነው። እነዚህ ዘይቶች በእንፋሎት ይበራሉ። ስለዚህ ውሃው ላይ ጨምረሽ አታንፈቅፍቂው። ውሃውን አፍልተሽ አውርጂ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ ጦስኝ ጨምሪ፣ ክደኚው። ከአምስት እስከ ሰባት ደቂቃ ይበቃዋል። ስትገዢ ደግሞ ከነሥሩ የተነቀለውን አትግዢ። ከነሥሩ እየተነቀለ ከብዙ ተራራ ላይ እየጠፋ ነው። ጫፉ የተቀነጠበው እንደገና ያቆጠቁጣል።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳዬ ደረስኩ። ለእናትሽ ዕፅዋት የሚሰጡት ትልቁ ሕክምና ከድስቱ ጨውን፣ ከብርጭቆው ስኳርን ማስወጣት ነው። ለግፊት ሰው የጨው ነገር ከማንኛውም ቅጠል ይበልጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ለሙሉ ቀን! በዚያ ውስጥ የዳቦው ጨው አለ። የበርበሬውም ጨው አለ፤ በርበሬ ሲዘጋጅ ጨው እንደሚገባበት ብዙ ሰው ይረሳል። ሽሮውም እንዲሁ ጨው ገብቶበት የተፈጨ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሳትቀምሺ አትጨምሪ።

ጨው የቀነሰ ወጥ ለምን አይጣፍጥም? ባዶ ስለሚሆን ነው። ባዶውን ቦታ ቅመም ይሙላው። እኔ ቤት እንዲህ እናደርጋለን። ሽንኩርቱ በዝግታ፣ ያለ ችኮላ ይቁላላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላል። ጨው ከለመድነው ግማሹ ብቻ ይገባል። ሊወርድ ሲል በሶብላ፣ ጦስኝና ኮረሪማ ይነሰነሳል። መከለሻ መጨረሻ ላይ የሚገባው ያለ ነገር አይደለም። ሽታው ሳይበር ገበታ ላይ እንዲደርስ ነው። ከዚያ ጥቂት ሎሚ። የሎሚ ኮምጣጣነት ምላስን ጨው እንዳገኘ ያህል ያረካዋል። መጀመሪያ እናትሽ «አልጫ ሆነ» ብለው ያኮርፉ ይሆናል። ጥቂት ሳምንት ታገሺ። ምላስ ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ሰው ቤት የሚበሉት ወጥ ራሱ ጨው ይበዛባቸዋል። በነገራችን ላይ «ሶዲየም የሌለው» ተብሎ የሚሸጠውን ጨው እንዳትገዢላቸው። እሱ ፖታሺየም ነው። ኢናላፕሪልም ፖታሺየም ይጨምራል። ሁለቱ ሲገናኙ ልብን ሊያዛቡ ይችላሉ።

ስለ ቅቤ አንድ ነገር። የኮሰረት ፍቅር ያለን ሰዎች ሽታውን ከቅቤ ለይተን አናውቀውም። ግን ኮሰረት ከዘይት ጋርም ይስማማል። በጾም ወቅት ዘይቱን ሞቅ አድርጊና ኮሰረት፣ ኮረሪማና ትንሽ ነጭ አዝሙድ ጨምረሽ በትንሽ እሳት አቆይው። አጥልይው። ወጥ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጠብ ስታደርጊ ቤቱ ንጥር ቅቤ ንጥር ቅቤ ይላል። ለእናትሽ ልብ ከቅቤው ይሻላል።

እርድም እንዲሁ ዘይት ይወዳል። ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከዱቄቱ 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በውሃ አይሟሟም። በዘይት ውስጥ ሲበስልና ቁንዶ በርበሬ ሲነካው ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። አልጫ ወጥ ስንሠራ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እርድን በውሃ በጥብጦ መጠጣት አያስፈልግም፤ የድንች አልጫውን በደንብ ሥሪ።

ሻዩ ላይ ደግሞ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል ሲገባ ምላስ ጣፋጭ ያገኘ ይመስለዋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ቀንሺ። ቀረፋው በእንጨቱ ይፈላ። ዱቄቱን በማንኪያ በየቀኑ መቃም ግን አይሁን። ገበያ ላይ የሚበዛው የቀረፋ ዓይነት ኩማሪን የሚባል ነገር ስላለው ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ከርከዴም ለግፊት ሰው መልካም መጠጥ ነው። በቀን ሦስት ኩባያ ለስድስት ሳምንት የጠጡ ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ 7 ነጥብ ያህል መውረዱን በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አሳይቷል። ያለ ስኳር ከሆነ ነው ታዲያ። እናትሽ ክኒን ላይ ስለሆኑ በአንድ ኩባያ ይጀምሩና ግፊታቸውን እየለካችሁ እዩት። ቀጭን ሰው ሆነው ሲነሱ የሚያዞራቸው ከሆነ ይተዉት።

አሁን ወደ አንቺ። እንኳን ደስ አለሽ! ጤና አዳምን በተመለከተ ቆራጥ መሆን አለብኝ። ይህ ተክል ማህፀንን ያነቃል። በብዙ አገር ፅንስ ለማስወረድ ሲጠቀሙበት ኖረዋል፣ ሴቶችም ተጎድተውበታል። ቡና ላይ የምትጥይው አንድ ቅርንጫፍ ከተጨመቀ ጭማቂ ጋር አንድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ የጠጣሽው አያስደንግጥሽ። ግን አምስት ወር ለመታገሥ ረጅም አይደለም። ሽታው ከናፈቀሽ ቡናው ላይ ኮረሪማ ሞክሪ። በዚሁ አጋጣሚ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሦስቱም አትቀመጪ። በእርግዝና ጊዜ ካፌይን (ቡና ውስጥ ያለው አነቃቂ ነገር) በቀን ከ200 ሚሊግራም ባያልፍ ይመከራል። ቀጠን ያለ አንድ ወይም ሁለት ስኒ ይበቃሻል።

ፌጦም ይቅርብሽ። ሆድ ሲነፋሽ ፌጦ በሎሚ የሚሰጥሽ ዘመድ አይጠፋም፤ አመስግነሽ እምቢ በይ። የአብሽ መጠጥ፣ የሽፈራው ዱቄት፣ ወፍራም የጦስኝ ፍል በየቀኑ፣ እነዚህም ይቆዩ። ኮሶማ ፈጽሞ! የኮሶ ትል ቢኖርሽ እንኳ ጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር የሚሆን መድኃኒት አለ። ወጥ ውስጥ ያለው አብሽ፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ እርድ ግን ምንም አይልሽም። እንደ ወትሮው ብዪ። ማቅለሽለሽ ካልለቀቀሽ ዝንጅብል ጓደኛሽ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ትኩስ ዝንጅብል ከትፈሽ በሙቅ ውሃ፣ ለቀኑ ይብቃ።

ለነፍሰ ጡር የምነግረው ሌላው ነገር ስለ አይረን (ብረት) ክኒን ነው። ሻይና ቡና ብረትን አንጀት ውስጥ አስረው ያስቀሩታል። የቅጠል ሻዮችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ክኒኑን ከሻይ ጋር የምትውጪ ከሆነ ግማሽ ድካሙ ከንቱ ነው። በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ዋጪው። ሻዩንና ቡናውን ከክኒኑም ከምግቡም አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው።

ስለ ግዢ በአጭሩ። ያልተፈጨውን ግዢ፣ ቤትሽ ፍጪ ወይም ቆመሽ አስፈጪ። ዱቄት ውስጥ ምን እንደተቀላቀለ ዓይን አይለይም። እርጥበት ያገኘው በርበሬ፣ የሻገተ ዝንጅብል ከሆነ ጣይው። «ሲበስል ይጠፋል» ይባላል፤ አይጠፋም። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን እሳት ይችላል፣ ጉበት ይጎዳል። የደረቀውን ቅጠል ከብርሃን አርቀሽ በሚገጥም ዕቃ አስቀምጪ። ቀኑን ጻፊበት። ሽታው ሲሄድ ጥቅሙም ሄዷል።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የማሩን ብልቃጥ ይዛችሁ ሂዱ። የአብሹንም ነገር ንገሩ። እናትሽ እስካሁን ያልተናገሩት ቁጣ ፈርተው ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው። ሰው «ቅጠል እጠጣለሁ» ሲል ፊታችንን እናጠቁርበታለን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀናል። ቢቆጧችሁም ተናገሩ። የማሩና የአብሹ ነገር ከቆመ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት የጠዋት ስኳራቸውን እየለካሽ በወረቀት ያዢ። ሐኪሙ ክኒኑን የሚያስተካክለው በዚያ ነው።

የዳማከሴ ጥያቄሽ ቀረ። ለሌላው ቤተሰብ ቅጠሉን አሽቶ ማሽተት፣ ገላ ላይ መቀባት፣ ጥቂት ጠብታ ቡና ላይ ማድረግ ያደግንበት ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ምች የምንለው በራሱ የሚያልፍ ጉንፋን ወይም ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ስለሆነ ሰው ይሻለዋል። ለእናትሽ የሚጠጣውን ይተዉና ማሽተቱና መቀባቱ ይበቃቸዋል። አንቺ ግን አሁን ነፍሰ ጡር ነሽ። ትኩሳት ሲይዝሽ «ምች ነው» ብለሽ አትተኚ። ወባ ሊሆን ይችላል፣ የሽንት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ለፅንሱ አደገኛ ናቸው። ዳማከሴውን ማሽተት ትችያለሽ፤ ግን እያሸተትሽ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂና ደምሽንና ሽንትሽን ተመርመሪ።